ከሾዋክ ዚር እስከ ጄት ተርባይን

ሾዋክ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ግዛት፣ በአትባራ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ መለስተኛ ከተማ ናት። ከገዳሪፍ ተነሥቶ ወደ ከሰላና ወደ ፖርት ሱዳን የሚያመራው አውራ ጎዳና በእርሷ በኩል ያልፋል። በኢትዮጵያውያንና በኤርትራውያን ዘንድ ስሟ የታወቀው ግን ከመንገዱ ይልቅ በስደት ምክንያት ነው። የሱዳን መንግሥት የስደተኞች ኮሚሽን በአገሩ ምሥራቃዊ ክፍል የነበሩትን መጠለያዎች ይመራ የነበረው ከዚህች ከተማ ስለነበረ፣ በጦርነትና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ድንበር ተሻግሮ የመጣው የብዙ ሺህ ሕዝብ ጉዳይ የሚታየው በሾዋክ ነበር። ከደጋ ወርዶ ለሚመጣ ሰው በዚያ አገር መጀመሪያ የሚከብደው ሙቀቱ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የአየሩ ሙቀት በጥላ ሥር እንኳ ሳይቀር 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ያልፋል።

በዚህ ሙቀት ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ የሚገኘው ከሸክላ ነው። በየቤቱ ደጃፍና በየገበያው ጥግ፣ ከዛፍ ወይም ከዳስ ጥላ ሥር፣ በመቆሚያ ላይ የተቀመጠ ሆዱ ሰፊ፣ ታቹ ሾጠጥ ያለ ጋን ይታያል። ሱዳኖች ዚር ይሉታል። የዚሩ ገላ ዘወትር እንደራሰ ነው፤ ከሥሩም ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ነገሩን የማያውቅ ሰው ዚሩ የተሰነጠቀ ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን ዚሩ የሚያቀዘቅዘው በማፍሰሱ ነው። ሸክላው ሲሠራ በደንብ አይለሰንም፤ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች በገላው ውስጥ ሞልተዋል። ውሃው በእነዚህ ቀዳዳዎች እየሰረገ ወደ ውጭው ገጽ ይወጣና ደረቁ አየር ሲያገኘው ይተናል። ውሃ ወደ ተን ለመለወጥ ብዙ ሙቀት ያስፈልገዋል። ይህንንም ሙቀት በአብዛኛው የሚወስደው ከሸክላውና በውስጡ ከቀረው ውሃ ነው። በስሌት ሲታይ፣ ሌላ ሙቀት ከውጭ ባይገባ ኖሮ የ1 ሊትር ውሃ መትነን 38 ሊትር የሚያህል ውሃ በ15 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ ይበቃል። ስለዚህ ዚሩ ከሚይዘው ውሃ ጥቂቱን ለፀሐይና ለነፋስ ከፍሎ የቀረውን ያድናል።

ይህ ንግድ ሁልጊዜ እኩል ትርፍ አይሰጥም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲጥልና አየሩ እርጥበት ሲሞላው ውሃው በቀላሉ ስለማይተን ዚሩ ይለግማል። ነፋስ በማይደርስበት ጓዳ የተቀመጠ ዚርም እንዲሁ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን መደፈን ነው። የአትባራ ውሃ በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ ብዙ ደለል ይዞ ይወርዳል፤ ደለሉና በውሃው ውስጥ የሟሟው ጨው ከጊዜ ብዛት በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ ይጋገራል። ያን ጊዜ ዚሩ ማላቡን ይተዋል። መልኩ ደህና ነው፤ አንዲት ጠብታም አያፈስም፤ ውስጡ ያለው ውሃ ግን እንደ ውጭው አየር ይሞቃል። ያልተሰበረ ዕቃ ሥራውን ያቆማል ማለት ነው።

ሙቀት ከአንድ ነገር ወደ ሌላው የሚተላለፈው በሦስት መንገድ ነው። የመጀመሪያው በንክኪ ሲሆን፣ የብረት ማንኪያ በሙቅ ወጥ ውስጥ ሲቆይ እጀታው የሚግለው በዚህ ነው። ሁለተኛው በጨረር ነው፤ የፀሐይ ሙቀት ወደ ምድር የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛው በፍሰት ነው። አየር ወይም ፈሳሽ በአንድ ትኩስ ገጽ ላይ ሲያልፍ ሙቀቱን ተሸክሞ ይሄዳል። በእነዚህ በሦስቱ መካከል የሰው ልጅ እንደ ፈቃዱ ሊያዝዘው የሚችለው ሦስተኛውን ነው፤ ፍሰቱን ማፍጠን፣ ማዘግየት፣ ማጣመም፣ መበጥበጥ ይቻላልና።

በፍሰት ረገድ በቅድሚያ ሊስተዋል የሚገባው አንድ ነገር አለ። አየርም ሆነ ውሃ በአንድ ገጽ ላይ ሲፈስ፣ ገጹን የነካው ስስ ክፍሉ ተለጥፎ ይቀራል፤ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። ከእርሱ በላይ ያለው ቀስ እያለ፣ ከዚያም በላይ ያለው እየፈጠነ ይሄዳል። ይህ በገጹ ላይ የሚያንቀላፋ ስስ ሽፋን እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ሙቀቱን ይይዛል። ሰው ትኩስ ሻይ ሲቀርብለት እፍ የሚልበት ምክንያት ይኸው ነው። ትንፋሹ ከክፍሉ አየር ሞቅ ያለ ቢሆንም፣ በሻዩ ላይ የተኛውን እርጥብና ትኩስ ሽፋን ገፎ ስለሚጥለው ሻዩ ቶሎ ይበርዳል። ስለዚህ ለማቀዝቀዝ የሚፈስሰው ነገር ምን ያህል ቀዝቃዛ እንደሆነ ብቻ ማወቅ አይበቃም፤ ያንን የሚያንቀላፋ ሽፋን ምን ያህል እንደሚያውከውም መታወቅ አለበት።

በሾዋክ በኩል ከፖርት ሱዳን እህልና ነዳጅ ጭነው የሚመላለሱት መኪናዎች በዚሁ ሕግ ይኖራሉ። የመኪና ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጉልበት ከሩብ እስከ ሲሦ የሚሆነው ወደ ማቀዝቀዣው ውሃ ይገባል። ውሃው በሞተሩ ግድግዳ ውስጥ በተበጁ ቦዮች እየተሽከረከረ ሙቀቱን ይሰበስብና ወደ ራዲያተሩ ያመጣዋል። ራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎችና በቱቦዎቹ መካከል የተሰኩ ስስ ቆርቆሮዎች ያሉት በመሆኑ ለአየር የሚያጋልጠው ገጽ በጣም ሰፊ ነው። በቆርቆሮዎቹ መካከል አቧራና ገለባ የሞላበት መኪና በ42 ዲግሪ ሙቀት አቀበት ሲወጣ ውሃው ይፈላል፤ ሾፌሩም መንገድ ዳር ቆሞ እስኪበርድ ይጠብቃል። ዚሩ እንደሚደፈን ሁሉ ራዲያተሩም ይደፈናል። ልዩነቱ ሾፌሩ ቆሞ ለመጠበቅ መቻሉ ነው። ቆሞ መጠበቅ የማይቻልበት ሞተር ደግሞ አለ፤ ይህም የአውሮፕላን ሞተር ነው።

በአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ዋናው ነገር ተርባይን ነው። ተርባይን በሚፈስስ ነገር ጉልበት የሚሽከረከር ባለመቅዘፊያ ዘንግ ነው። ለሾዋክ አካባቢ ቃሉ እንግዳ አይደለም። ከጎንደር አካባቢ ጓንግ ተብሎ የሚነሣው አትባራና በሱዳን ሰቲት የሚባለው ተከዜ የሚገናኙት ከከተማይቱ ብዙ ሳይርቁ ነው። በሁለቱ ወንዞች ላይ ሩሜላና ቡርዳና የተባሉ መንትያ ግድቦች ተሠርተው በ2009 ዓ.ም. ተመርቀዋል፤ የኃይል ማመንጫቸውም 320 ሜጋዋት እንዲሰጥ የታቀደ ነው። እዚያ ያሉት ተርባይኖች የሚሽከረከሩት በውሃ ስለሆነ የመቅለጥ ስጋት የለባቸውም፤ የሚያሽከረክራቸው ውሃ ራሱ ያቀዘቅዛቸዋል። የአውሮፕላኑ ተርባይን ግን የሚሽከረከረው በእሳት ነው።

ኢትዮጵያ ከጄት ሞተር ጋር በሰፊው የተዋወቀችው በ1955 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሁለት ቦይንግ 720 አውሮፕላኖችን አስመጣ፤ ለእነርሱም ማረፊያ እንዲሆን የልደታው ሜዳ ስለማይበቃ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርተ ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ካይሮና ወደ አውሮፓ የሚበሩ አውሮፕላኖች በሱዳን ሰማይ ሲያልፉ፣ ከታች በአርባ ዲግሪ ሙቀት ዚር የሚያልብበት ምድር ነበር፤ ከላይ ደግሞ በየሞተሩ ውስጥ ከሺህ ዲግሪ በላይ የሚነድ እሳት ነበር።

የጄት ሞተር አሠራር በአጭሩ ይህን ይመስላል። ከፊት የሚገባውን አየር ኮምፕረሰር የተባለው ክፍል በብዙ ረድፍ መቅዘፊያዎች እየገፋ ያምቀዋል። የታመቀው አየር ወደ ማቃጠያው ክፍል ሲደርስ ነዳጅ ይረጭበትና ይነዳል። የነደደው ጋዝ በኃይል ወደ ኋላ ሲወጣ የተርባይኑን መቅዘፊያዎች ይመታል፤ ተርባይኑም በዘንግ የተያያዘውን ኮምፕረሰር ያሽከረክራል። የተረፈው ጉልበት አውሮፕላኑን ወደ ፊት ይገፋል። ወደ ተርባይኑ የሚገባው ጋዝ ይበልጥ በጋለ ቁጥር፣ ከአንድ ሞተር የሚገኘው ጉልበት ይበዛል። አየሩ ይበልጥ ታምቆ ጋዙም ይበልጥ ሲግል ከአንድ ሊትር ነዳጅ የሚገኘው ሥራ ስለሚጨምር፣ መሐንዲሶች ሁለቱንም ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ሲያደርጉ ኖረዋል። በዛሬዎቹ ትላልቅ ሞተሮች ጋዙ ከ1,500 ዲግሪ በላይ ይደርሳል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መቅዘፊያዎቹ የሚሠሩት ከኒኬል ጋር ልዩ ልዩ ማዕድናት ተደባልቀውበት ከሚገኝ ጠንካራ ብረት ነው። ይህ ብረት በ1,300 እና በ1,400 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ከመቅለጡም አስቀድሞ ጥንካሬው ይከዳዋል። በሌላ በኩል ከሰው መዳፍ የማይበልጥ አንድ መቅዘፊያ በደቂቃ ከ10,000 ጊዜ በላይ ሲሽከረከር፣ ወደ ውጭ የሚስበው ኃይል ከሥሩ 10 ቶን ያህል ጭነት እንደ ተንጠለጠለበት ያደርገዋል። በዚህ ጭነት ሥር የጋለ ብረት እንደ ሰም ቀስ በቀስ ይለጠጣል። የመቅዘፊያው ብረት ከታሰበለት በ30 ዲግሪ ብቻ በልጦ ቢሞቅ ዕድሜው በግማሽ ሊያጥር እንደሚችል የዘርፉ ሊቃውንት ይናገራሉ። በ1,500 ዲግሪ ላይ የ30 ዲግሪ ስሕተት ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን የመንገደኞች ሕይወት የሚጠበቀው በዚያች ኢምንት ውስጥ ነው።

ታዲያ ብረቱ ከመቅለጫው በላይ በጋለ ጋዝ ውስጥ እንዴት ይኖራል? መልሱ ውስጡ ክፍት መሆኑ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመን ኒኬልና ክሮምየም ስለ ቸገራት፣ እ.ኤ.አ. በ1944 ለመሠርሽሚት 262 ተዋጊ አውሮፕላን በሠራችው ጁሞ 004 ሞተር ውስጥ በውስጣቸው አየር የሚያልፍባቸው መቅዘፊያዎች ተጠቅማለች። ድህነት የወለደው ዘዴ ነበር። በኋላ ግን ምርጥ ብረት የሞላቸው አገሮችም የጋዙን ሙቀት እያሳደጉ ሲሄዱ ያለዚህ ዘዴ መኖር አቃታቸው።

በመቅዘፊያው ውስጥ የሚያልፈው አየር ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ለብዙ ሰው ቀላል ይመስለዋል። አውሮፕላኑ በ10,000 ሜትር ከፍታ ሲበር ከውጭ ያለው አየር ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ቀዝቃዛ አየር ከየት ይገኛል? ሆኖም ይህ አየር ግፊት የለውም። በተርባይኑ ውስጥ ያለው ጋዝ በኃይል የታመቀ በመሆኑ፣ በመቅዘፊያው ውስጥ የሚገባው አየር ከእርሱ የበለጠ ካልታመቀ በየቀዳዳው ወደ ውስጥ የሚገባው እሳቱ ራሱ ይሆናል። ስለዚህ የማቀዝቀዣው አየር ከኮምፕረሰሩ መጨረሻ፣ ግፊቱ ከፍ ካለበት ቦታ ይቀዳል። አየር ሲታመቅ ደግሞ ይግላል፤ የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የመንፊያውን ጫፍ ቢነካ ይህንን ይረዳል። በ2004 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 በሚበርበት ዓይነት ሞተር ውስጥ አየሩ ከ40 እጥፍ በላይ ይታመቃል፤ በእንዲህ ያለ ሞተርም ሙቀቱ በመነሻ ጊዜ ከ600 ዲግሪ ያልፋል። የእንጀራ ምጣድ ግለት 200 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ሲታሰብ፣ መሐንዲሶች «ቀዝቃዛ አየር» የሚሉት ከምጣድ ሦስት እጥፍ የጋለ ነው። ቢሆንም ከ1,500 ዲግሪ ጋር ሲነጻጸር ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀት የሚፈስሰው በልዩነት ነውና።

ይህ አየር በነጻ አይገኝም። ኮምፕረሰሩ ደክሞ ያመቀው ነው፤ ወደ መቅዘፊያዎቹ የሄደው አየር በማቃጠያው ክፍል አልፎ የሚገባውን ሥራ አይሠራም። በአንዳንድ ሞተሮች ለማቀዝቀዝ የሚውለው አየር ከጠቅላላው እስከ አምስተኛ እጅ ይደርሳል። ዚሩ የቀረውን ለማቀዝቀዝ ከውሃው ጥቂቱን እንደሚያተን፣ ሞተሩም ብረቱን ለማዳን ከአየሩ ይከፍላል። የመሐንዲሱ ብልሃት የሚለካው በትንሽ አየር ብዙ ሙቀት ለማራቅ በመቻሉ ነው።

አየሩ ከመቅዘፊያው ሥር ገብቶ ወዲያው አይወጣም። በመጀመሪያ ጋዙ ፊት ለፊት የሚመታውን የመቅዘፊያውን ግንባር ማዳን አለበት። ለዚህም ከውስጥ በኩል ባለ ግድግዳ ላይ በተበጁ ቀዳዳዎች እየተወነጨፈ የግንባሩን ጀርባ ይመታል፤ የሚያንቀላፋው ሽፋን በዚህ ምት ይገፈፋል። በመካከለኛው ክፍል ደግሞ እንደ እባብ በሚጠማዘዝ ቦይ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ተመልሶ ወርዶ፣ እንደ ገና ይወጣል። የቦዩ ግድግዳ ለስላሳ አይደለም፤ እንደ ዝቅተኛ እርከን ያሉ ጎበጥ ጎበጥ ያሉ መስመሮች ተሠርተውበታል። አየሩ በእያንዳንዱ እርከን ላይ ሲሰናከል ይገለበጣል፤ ከግድግዳው ይነሣና ተመልሶ ይወድቃል። በዚህ ሁከት ምክንያት የሚወሰደው ሙቀት በለስላሳ ቦይ ውስጥ ከሚወሰደው ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ስለ ምን እርከኖቹን አብዝተውና አስረዝመው አይሠሯቸውም ቢባል፣ ሁከቱ ግፊቱን ስለሚበላው ነው። ግፊቱ በመንገድ ያለቀበት አየር በመውጫው ላይ እሳቱን ለመመከት አይችልም። በመጨረሻም መቅዘፊያው እየሳሳ በሚሄድበት በኋለኛው ጠርዝ አየሩ እንደ አዳራሽ ምሰሶ በተደረደሩ ጥቃቅን ዘንጎች መካከል ተሽሎክሉኮ ይወጣል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው መሽከርከሩ ነው። በሚዞር መድረክ ላይ ከመካከል ወደ ዳር ለመራመድ የሞከረ ሰው ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ይሰማዋል። በመቅዘፊያው ውስጥ ወደ ውጭ የሚፈስሰው አየርም እንዲሁ ወደ አንደኛው ግድግዳ ይገፋል፤ ያ ግድግዳ በሚገባ ሲቀዘቅዝ፣ ተቃራኒው ግን አየሩ ስለሚሸሸው ይግላል። አየሩ ተመልሶ ወደ ውስጥ በሚፈስስበት ቦይ ውስጥ ተራው ይለወጣል። ስለዚህ በቆመ ቱቦ ላይ የተደረገ ፈተና ብቻውን አያስተማምንም። ተመራማሪዎች የሚሽከረከር ሞዴል እየሠሩ የእያንዳንዱን ግድግዳ ሙቀት ለብቻው መለካት የግድ ሆኖባቸዋል።

ከውስጥ ያለው ፍሰት ብቻውን ግን አይበቃም። የመቅዘፊያው ገጽ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ብዙ ቀዳዳዎች የተበሳ ነው። አየሩ የውስጡን ሙቀት ከሰበሰበ በኋላ በእነዚህ ቀዳዳዎች ሹልክ ብሎ ይወጣና በገጹ ላይ እንደ ስስ ነጠላ ይዘረጋል። እሳቱ የሚነካው መጀመሪያ ይህን ነጠላ ነው። በዚህም ላይ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ፣ ሙቀትን በደንብ የማያሳልፍ የዚርኮኒያ ሸክላ ይቀባል። እዚህ ላይ የሾዋክ ዚር ዘመድ ይታያል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእርግጥ ዚሩ የሚያቀዘቅዘው ውሃን በማትነን ሲሆን፣ በተርባይኑ ውስጥ የሚተን ነገር የለም። በገላው ቀዳዳዎች የሚያልብ ዕቃ የመሥራቱ ሐሳብ ግን አንድ ነው። እንዲያውም ተመራማሪዎች መቅዘፊያውን በሙሉ እንደ ዚር በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ አድርገው ለመሥራት ሞክረዋል። በስሌት ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ሆኖ ተገኝቷል፤ በሥራ ላይ ግን ረቂቅ ቀዳዳዎቹ በዝገትና በአቧራ ቶሎ እየተደፈኑ ስላስቸገሩ፣ ጥቂትና ሰፋ ያሉ ቀዳዳዎች ተመረጡ።

እንዲህ ያለ ውስጠ ውስብስብ ዕቃ እንዴት ይሠራል? በአማርኛ ትምህርት የቅኔን ምሥጢር ለሚማር ተማሪ መልሱ ቅርብ ነው። አንጥረኛ ጌጥ ሲሠራ መጀመሪያ ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ጭቃውን ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ያፈስበታል። የቅኔ ሊቃውንት ላይኛውን ትርጉም ሰም፣ የተሰወረውን ወርቅ ያሉት ከዚህ ሙያ ወስደው ነው። በአገራችን ብዙ ጥንታውያን የመጾር መስቀሎች የተሠሩትም በዚሁ ዘዴ ነው። የተርባይን መቅዘፊያም የሚሠራው በሰምና ወርቅ ነው። በቅድሚያ የአየሩን ጠማማ ቦይ መልክ የያዘ ልብ ከሸክላ ይቀረጻል፤ በልቡ ዙሪያ ሰም በመቅዘፊያው ቅርጽ ይፈስስበታል፤ ሰሙ ደጋግሞ በሸክላ ጭቃ ይነከራል። ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ብረቱ ይገባል፤ ብረቱ ከረጋ በኋላ የሸክላው ልብ በኬሚካል ሟሙቶ ይወጣና ቦዩ ባዶውን ይቀራል። ብረቱም ከታች ወደ ላይ በዝግታ እንዲረጋ ስለሚደረግ፣ በምርጦቹ ሞተሮች ውስጥ መቅዘፊያው በሙሉ አንድ ወጥ ክሪስታል ይሆናል፤ በጋለ ጊዜ የሚላቀቅበት መገጣጠሚያ አይኖረውም ማለት ነው። ቀዳዳዎቹ የሚበሱት በመጨረሻ፣ በጨረር ወይም በኤሌክትሪክ ፍንጣሪ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጥበብ በኋላም የመቅዘፊያው ጠላት ያው የዚሩ ጠላት ነው። በገዳሪፍና በካርቱም አካባቢ ከዝናብ በፊት ሀቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ሰማዩን እንደ ግድግዳ ይሸፍነዋል። በእንዲህ ያለ አገር የሚመላለስ አውሮፕላን ሞተሩ አቧራ ይምጋል። ከአቧራው የተወሰነው ከማቀዝቀዣው አየር ጋር ወደ መቅዘፊያው ቦይ ይገባና በእርከኖቹ ጥግ ይከማቻል፤ ቀዳዳዎቹንም ያጠብባል። የቀረው በእሳቱ በኩል ያልፍና በ1,200 ዲግሪ ገደማ ቀልጦ እንደ ብርጭቆ በመቅዘፊያው ላይ ይለጠፋል፤ በሸክላው ቅብ ውስጥ ሰርጎም ቅቡን ያስነጥቀዋል። በበረሃማ አገሮች የሚሠሩ ሞተሮች ከሌሎቹ ቀድመው ለጥገና የሚወርዱት ስለዚህ ነው።

የእሳተ ገሞራ አመድ ከአቧራም ይከፋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1982 የብሪታንያ አየር መንገድ ንብረት የሆነ ቦይንግ 747 በኢንዶኔዥያ ጋሉንግጉንግ ከተባለው እሳተ ገሞራ በወጣ አመድ ውስጥ በሌሊት ገባ። አራቱም ሞተሮች ተከታትለው ጠፉ። በውስጡ 263 ሰዎች ነበሩ። የቀለጠው አመድ ጋዙ በሚያልፍባቸው የተርባይን ክፍሎች ላይ ተለጥፎ መንገዱን ስለዘጋው፣ አውሮፕላኑ ከ11,000 ሜትር ከፍታ እስከ 4,000 ሜትር ገደማ ያለ ሞተር ወረደ። ሞተሮቹ ሲበርዱ የተለጠፈው ብርጭቆ ተሰነጣጥቆ ወደቀ፤ አየሩም መንገድ አገኘ፤ ሞተሮቹ ተነሡና አውሮፕላኑ ጃካርታ በደህና አረፈ። ከዚያ አደጋ በኋላ የአመድ ደመናን የሚከታተሉ ጣቢያዎች በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች ተቋቋሙ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን በኩል እስከ ሕንድ ደረሰ፤ በዚያም አየር መንገዶች በረራዎችን ሰረዙ። ብዙ መንገደኛ በመዘግየቱ ተማርሮ ይሆናል፤ የተሰረዘው በረራ ግን የተጠበቀው ለግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ሲባል ነው።

የጥገና ባለሙያዎች የመቅዘፊያዎቹን ሁኔታ የሚያውቁት ሞተሩን ሳይፈቱ ነው። በሞተሩ ጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ ጫፉ ላይ ብርሃንና ካሜራ ያለበት ቀጭን ተጣጣፊ ቱቦ ያስገባሉ፤ ዘንጉን ቀስ እያደረጉ ሲያዞሩ መቅዘፊያዎቹ አንድ በአንድ በመስተዋቱ ላይ ይታያሉ። ባለሙያው የሚፈልገው ስንጥቅን ብቻ አይደለም። በቀዳዳዎች ረድፍ አጠገብ ቀለሙ የተለወጠ ገጽ ካየ፣ ከዚያ በስተጀርባ አየር እንዳልደረሰ ያውቃል፤ መቅዘፊያው ባይሰበርም ሞተሩ እንዲወርድ ያዝዛል።